በረዶ ያልነካው ብልቃጥ

ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም «ሰፊዋ» ይላታል፤ እኔ ረዳቷ ነኝ፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላታለሁ። ሰፊዋ ያሰኛት ሥራዋ ነው። ከሁለት ባክቴሪያ የተገኙ ኢንዛይሞችን ግማሽ በግማሽ እንደ ጨርቅ ገጥማ ድቅል ታወጣለች። የምትፈልገው በልጇ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ የሚመርዛትን ነገር የሚሰብር ድቅል ነበር። የልጅቷ ሰውነት ራሱ መስበር አልቻለማ።

ደንቧ አንድ ነው፤ ኢንዛይም ተዘጋጅቶ እንዳለቀ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ነገር ስንቴ ልክ ልኬን ነግራኛለች! ለመለካት ከበረዶ አውጥተን እናሞቀዋለን፤ ከሠራ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ሰባት ወር ሙሉ ፈሳሹ ውኃ እንደመሰለ ቀረ።

አንድ ዓርብ አዲስ የተዘጋጀ ብልቃጥ፣ በረዶ ሳላስነካው፣ ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ሳየው ክው አልኩ። ዛሬስ አለቀልኝ ብዬ፣ ሳልለካው ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ውጭ ያደረ ይደፋል፤ ይሄም ደንብ ነው።

ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ሞተች። ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥራ ገባች።

ባለፈው ሳምንት የድቅሉ ቅርጽ በራጅ ተነሥቶ መጣ፤ አንዱ ምስል ሞቅ ባለ ክፍል፣ ሌላው በቅዝቃዜ የተነሣ። በሙቀቱ ሁለቱ ግማሾች ተጣብቀዋል። በቅዝቃዜው ስፌቱ ተተርትሯል፤ አንዴ ከተተረተረ ደግሞ ቢሞቅም መልሶ አይገጥምም። ለካ በረዷችን ነበር የሚገድለው! ወዲያው አንድ አዲስ ብልቃጥ በረዶ ሳናስነካ ውጭ አሳድረን ለካን። በአራት ደቂቃ ቢጫ ሆነ። ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ወዲህ ያ ማጠቢያ ያስፈራኛል። ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር ቢጫ የሚወርድ ይመስለኛል። «መድኃኒት እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል፣ ለልጅቷ አይደርስላትም ነበር» እላለሁ። ሆዴ ግን እሺ አይልም።

ዛሬ አላስችል አለኝና እዚያው ማጠቢያው አጠገብ ነገርኳት። «እትዬ፣ አምና አንድ ብልቃጥ ውጭ አድሮብኝ ደፍቼዋለሁ። ሳልለካው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ እጇን ማጠቧን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ስትደፊው በበሩ መስታወት አይቼሻለሁ። ‹ጎሽ፣ ረዳቴ ደንቡ ገባት› ብዬ ደስ ብሎኝ አለፍኩ።»