አፈር የሚያነዱ ሰዎች

አያቴን "ሆደ ገር ነበሩ" እያላችሁ አታልቅሱብኝ። ቁጡ ነበሩ፤ በተለይ ረግጠውት በማያውቁት አገር ላይ።

ስማዳ ያለው ማሳቸው ቁልቁለት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን ይጠርግባቸዋል፤ እሳቸውም የፈረሰውን የድንጋይ እርከን መልሰው ይክባሉ። አንድ እሑድ ከወገዳ ከተማ መጥቼ ስለ ሄብሪድስ፣ ስለ ስኮትላንድ ደሴቶች፣ የሚተርክ ፊልም በስልኬ ከፈትኩላቸው። ዛፍ የማይታይበት፣ ነፋስ የሚገርፈው አገር ነው። የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ረጃጅም ድንጋዮች ሲመጡ፣ "ይኼን ሁሉ ድንጋይ ገትረው ከሚያዩት እርከን አይሠሩበትም?" አሉ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ረግረጉን እንደ ጡብ እየቆረጠ ለፀሐይ ሲያሰጣ አዩ።

"ምን ሊያደርገው ነው?"

"ማገዷቸው ነው፣ አባባ። ሲደርቅ ያነዱታል።"

"አፈር ያነዳሉ?" ብለው ከመደቡ ተነሡ። "የኔን ጎርፍ ይዘርፈኛል፤ እነሱ በገዛ እጃቸው ያቃጥሉታል!"

የበሰበሰ ሣር እንጂ የእርሻ አፈር አይደለም ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ከዚያ ወዲህ እርከን በካቡ ቁጥር "እናንተ አፈር አንዳጆች!" እያሉ ወደ ገደሉ ይጮኹ ነበር።

ዘንድሮ ማሳው ላይ የሚጮህ የለም። እርከኑ ተንዷል። ልጆቻቸው መሬቱን ለመካፈል ይካሰሳሉ እንጂ አንዲት ድንጋይ ያነሣ የለም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን እክባለሁ፤ እናንተ ለቅሶ ደራሾች ዳር ቆማችሁ "አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው" ትላላችሁ።

ገለባማ ነፋስ ይወስደዋል። ዝም በሉና ድንጋይ አቀብሉኝ።