ከፎልደሩ ሾልኮ የሚወጣው ፋይል

የሷ ሥራ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም መጠገን ነው። አዲስ ነገር የሠራ ይጨበጨብለታል፤ የጠገነ ግን «ደግሞ ምን ነካካሽ?» ይባላል። ባልደረቦቿ «ቆስቋሿ» ይሏታል፣ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ ከልቡ።

መሥሪያ ቤቷ የሚያወጣው ፕሮግራም የሰዎችን ሥራ ከነለውጡ መዝግቦ ይይዛል፤ ሌላ ሰው የላከውንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ያወርዳል። ጣጣው እዚያ ላይ ነው። በፋይሉ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብና ስላሽ (../) ካለ፣ ለኮምፒውተሩ «ከዚህ ፎልደር ውጣ» ማለት ነው። ተንኮለኛ ሰው በዚህ መንገድ ሾልኮ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታዘዝበትን ፋይል እንኳ በራሱ ፋይል ይተካል።

አለቃዋ ከዓመታት በፊት መከላከያ ጽፈውለታል፤ ሁለቱን ነጥብና ስላሹን ባየ ቁጥር ይሰርዛል። እሷ እንዳገኘችው ግን፣ አራት ነጥብና ሁለት ስላሽ (....//) ከተጻፈለት መሃሉን ይሰርዝና የቀሩት ተጠጋግተው ያንኑ የተከለከለውን ይሆናሉ። ዘበኛው ራሱ ለሌባው በር ይከፍታል።

«ሁለቴ ይሰርዝ በቃ» አሉ አለቃው ከስክሪናቸው ቀና ሳይሉ።

«ጋሼ፣ ያኔ ስድስት ነጥብ ይጽፋሉ። መሰረዙን እንተወውና ፋይሉ መጨረሻ ላይ የት እንደሚያርፍ እንይ። ከፎልደሩ ውጭ ከሆነ አንቀበል።»

«ስንት ዓመት የሠራ ኮድ እኮ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን። እስከዚያ ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ሳይጠገን ከተወራ ሌባ መጥራት ነው።»

ደሟ ፈላ። የመጨረሻው ነገር ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አበገናት፤ ቀዳዳ ሳይደፈን አይወራም፣ የሙያው ደንብ ነው። እስቲ የማይደፍን ሰው አፍ ሲያስዘጋ ምን ይባላል?

ምሳ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሟ ደወለ። የቤት ንድፍ ሠሪ ነው፤ ያንን ፕሮግራም የጫነችለት እሷ ናት።

«እትዬ፣ አንድ አዲስ ደንበኛ በናንተ ፕሮግራም ሥራ ልኮልኛል። አላውቀውም፣ ግን ቸኩሏል። ላውርደው?»

«ለማንም እንዳትተነፍሺ» ያሏት ትዝ አላት። «ትንሽ ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አለች።

«ምነው፣ ችግር አለ?»

«የለም፣ ሥራ ይዤ ነው።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አላማራትም። የሙከራ ፋይል አዘጋጅታ፣ አለቃዋ ራሳቸው እንዲያወርዱት አደረገች። ፋይሉ ከፎልደሩ ወጥቶ ዴስክቶፓቸው ላይ ቁጭ አለ። አለቃው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ አሮጌውን ኮድ አጠፉላት። የእሷን ጻፈች፣ ተፈተነ፣ አመሻሽ ላይ ለሁሉም ተለቀቀ። ስልኩን አንስታ ለወንድሟ ደወለች።

«አዲሱን ጫንና አውርደው» አለችው።

«አወረድኩት እኮ። ችግር የለም አላልሽም?» ድምፁ ልክ አልነበረም። «ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ንድፎቼ በሙሉ የሉም። እንዴት እንደሚመለሱ ታውቂያለሽ ብዬ ልደውልልሽ ነበር።»

የለውጡ መዝገብም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለነበር፣ መመለሻ እንደሌላቸው ታውቃለች።

«እትዬ፣ ቆይ ስትዪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች።