ለአክስቴ ያልደረሰው መርዶ

አያቴ በገበያ ቀን መካነ ሰላም ሲመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚገቡት እኔ ሱቅ ነበር። «በይ እስቲ፣ ለዚያች ለዓረብ አገሯ ኦፕሬተር ደውይልኝ» ይሉኛል። የሰው ስልክ ቁጥር ፈልጋ የምትሰጠውን ማለታቸው ነው። ጅዳ ለሥራ የሄደችው ልጃቸው፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ስልኳ ከጠፋ ሦስት ዓመት አልፎታል። በእጃችን ያለው የአሠሪዋ የመጠሪያ ስም ብቻ ነው። እኔም እዚያ ሠርቼ ስለተመለስኩ በዓረብኛ እጠይቃለሁ።

«ምን አለች?»

«በዚህ ስም የሚጠራው ብዙ ነው፤ የአባቱን ስም ንገሪኝ አለች፣ አባባ።»

«ታዲያ አንድ በአንድ ትጠይቅልኛ! ዘይነባ ያለችበት ቤት አይጠፋም።»

ከዚያ ስልኩን ይቀበሉኝና በአማርኛ ይመርቋታል፦ «አላህ ልጆችሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ።» መስመሩ ቀድሞ እንደተዘጋ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም።

ባለፈው ወር አረፉ። ከቀብሩ በፊት ለብቻዬ ሱቅ ገብቼ ደወልኩ። ኦፕሬተሯ እንደ ወትሮው የሰውየውን አባት ስም ጠየቀችኝ። «የዘይነባ አባት ሞተዋል» አልኳት። ይቅርታ ጠይቃ ዘጋችው።

ከቀብር መልስ አንድ ሽማግሌ «ዘይነባንስ ማን ያርዳት?» ሲሉ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።