በየዓርቡ መሻሻል

ሰው ደረጃ በደረጃ ይሻሻላል የሚለውን ወሬ አልወድም። የሚያወራውንም አልወድም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ መልአክ ሆኜ ክንፌን ባራገብኩ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲያ ነው፤ ጽሑፌ ቢጣመም ነገሬ አይጣመምም።

አንድ ለአምስት በሚባልበት ዘመን፣ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን እኔንም ከጎረቤቶቼ ጋር አደራጁኝ። መሪያችን ከልጄ የሚያንስ ጎረቤት ነው። ከተማ ገብቶ ሥልጠና ወሰደና አንድ ኮፍያና ብዙ ቃል ይዞ ተመለሰ። በየዓርቡ በረንዳው ላይ ይሰበስበናል። እያንዳንዳችን ድክመታችንን እንናገራለን፤ ከዚያ ካለፈው ዓርብ ምን ያህል እንደተሻሻልን እንናገራለን። መሻሻል ግዴታ ነው። ወደ ታች መውረድ የሚባል ነገር የለም።

የእኔ ድክመት አረቄ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ምን እደብቃለሁ? ሚስቴ በእሱ ተማርራ ዋጫ ከተማ ወንድሟ ቤት ከገባች ከርማለች። «ሰው ሲሆን እመጣለሁ» ብላ በነጋዴ ልካብኛለች። እኔም እንድትመጣ ፈልጌአለሁ። ቤቱ ኦና ሆነ፤ እንሰት የሚፍቅ የለ፣ የሚቆጣኝ የለ።

ስለዚህ ተውኩት። ከመስቀል እስከ ገና አልቀመስኩም። በየዓርቡ «አልጠጣሁም» ስል ያጨበጭባሉ። ከገና ወዲያ ሺሺንዳ ገበያ ሄጄ የድሮ ባልንጀራዬን አገኘሁ፤ የዚያን ቀን በሰው ትከሻ ተመለስኩ። ዓርብ ሲደርስ «ጠጣሁ» አልኩ።



«ጋሼ፣ እንደሱ አይባልም» አለኝ መሪው። «በሂደት ላይ ነኝ ይበሉ።»

«ምን ሂደት? ተሸክመው ነው ያመጡኝ።»

«እንግዲህ ቡድናችን ወደ ኋላ ተመለሰ ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«የጠጣሁት እኔ፣ ቡድኑን ምን አገባው? የጓሮዬ ቡና አምና ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ፤ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ነው። ሂድና ገምግመው!»

ሌሎቹ ብልጦች ነበሩ። አንዱ ጎረቤቴ «ድክመቴ ማርፈድ ነው» ብሎ አስመዘገበ። ሰውዬው አርፍዶ አያውቅም። የሚሻሻልበት እንዳያጣ ብሎ ማርፈድ ጀመረ፣ እኛም እሱን ስንጠብቅ ፀሐይ ጠለቀች። ሌላው የራሱ ጥፋት ሲያልቅበት የሚስቱን አመጣ። «ወጥ ላይ ጨው ታበዛ ነበር፣ በዚህ ሳምንት ቀንሰናል» ይላል። ይጨበጨብለታል። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያጨበጨበ የለም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። በኋላ ግን ከዞን እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። መሪው ለእኔ ትንፍሽ ሳይል ዋጫ ሰው ልኮ «ባልሽ ፈጽሞ ድኗል፣ ነይ» አስባለ። በጉብኝቱ ቀን በረንዳው ላይ ስወጣ ሚስቴ ጓዟን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ከእንግዶቹ ጎን ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ደሜ ፈላ።

መሪው ተነሣ። «እኚህ አባት የለውጥ ምሳሌያችን ናቸው። ከመስቀል ወዲህ ጠብታ አልቀመሱም። ባለቤታቸው ይኸው መጥተዋል።»

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዝም ብል ቤቴ ትገባለች። ይህን አውቃለሁ። መሪውም አውቆታል፤ በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ማክሰኞ ጠጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ትቼው ነበር። አንዴ እተወዋለሁ፣ አንዴ ይጥለኛል። ይኸው ነኝ።»

«ጋሼ ዛሬ ትንሽ ደከም ብሏቸው ነው» አለ መሪው ለእንግዶቹ።

«ደህና ነኝ! ያደከምከኝ አንተ ነህ!»

ሚስቴ ጓዟን አነሣች። ወደ መኪና መንገዱ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ መሪው ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ እኔ የሸሸሁት የአረቄ ሽታ መሰለህ? ይሄ ሰውዬ ግድግዳ ይዞ እየገባ ‹አልጠጣሁም› ሲለኝ ነው የኖረው። አሁን ገና እውነት መናገር ቢጀምር አንተ ውሸት ታስጠናልኛለህ?» ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ቁልፉን አምጣ! ጠጥተህ የመጣህ ቀን ደጅ ነው የምታድረው።»

«እሺ» አልኩ። ጓዟን ተቀብያት ወጣን። እንግዶቹን ደህና ዋሉም አላልኩ።

ከዚያ ወዲህ ደጅ ያደርኩበት ጊዜ አለ፤ ክረምት አልፎ በጋ እስኪገባ ሳልቀምስ የኖርኩበትም አለ። ለእሷ እነግራታለሁ፣ ለሌላ አልናገርም። መሪው ቢሮ ተሾመና ሰው እንዴት እንደሚሻሻል ያስተምራል አሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አልለውም፣ እሱም አይለኝም። በዚህስ ሁለታችንም ቅንጣት አልተሻሻልንም፤ እኔ እንደሆንኩ ለመሻሻልም አላሰብኩ።