ሳይበላሽ የተጠገነው ሸክላ ማጫወቻ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «አባባ፣ ሳይከደሊክ ሮክ ያውቃሉ?» አለኝ። ላውቀውማ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያሳማኝ እሱ አይደል!

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ደብረ ማርቆስ ስማር፣ ከአሜሪካ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራችን ሲሰናበተን አንድ የሳይከደሊክ ሮክ ሸክላ ሰጠኝ። የካሊፎርኒያ ወጣቶች ዕፅ ወስደው የሚያዩትን ቅዠት በድምፅ ለመግለጽ ሲሉ ጊታሩን እስኪያጓራ በኤሌክትሪክ ያስጮኹታል፣ የቀዱትንም ቴፕ ወደ ኋላ ያስኬዱታል ብሎ አስረድቶኛል። ማጫወቻ ግን ከየት ይምጣ?

ጥር ላይ ታላቅ እኅቴ ሙሉነሽ ለሉማሜ ሰው ልትዳር ሆነ። ከሁሉ በላይ የጓጓችው በሸክላ ዘፈን ለመታጀብ ስለነበር፣ አባቴ ከጎረቤታችን ከነጋዴው ሐጂ ኑሩ በባትሪ የሚሠራ ማጫወቻ ተዋሱላት። የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት፣ ቤቱ በጌሾና በድፎ ዳቦ ሽታ ታፍኖ ሳለ፣ ሸክላዬን አስገባሁ።

ጊታሩ አጓራ። አባቴ ከጓሮ እየሮጡ መጡ።

«አቃጠልኸው! የሰው ዕቃ አቃጠልኸው!»

«አባቴ፣ ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው።»

«ጤነኛ ሰው ብልሽት ይሠራል?»

«ሌላ ሸክላ ላስገባና ይስሙት!»

«ተው! ይብስ ይበላሻል።»

አንድ ሸክላ መቀየር ብቻ ነበር። አንድ! እኔ እየማልኩ እሳቸው ራዲዮ ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙ ማጫወቻውን ፈታታው፤ ብልሽት ቢያጣ አንዱን ሽቦ ነቅሎ ሌላ ቦታ በየደው። መልሶ ሲገጥመው ማጫወቻው ትንፍሽ አላለም። «ቀድሞውንም አልቆለት ነበር» ብሎ ሄደ። አባቴም አመኑት!

እኅቴ በከበሮ ተዳረች። የሉማሜ ሚዜዎች ሲጨፍሩ አቧራው ጣራ ነካ፤ ሠርጉም አማረ። ሐጂ ኑሩ ግን ስንት ዘመን በጎሪጥ አዩኝ። እኅቴም በየበዓሉ፣ ዶሮው ገና ሳይወጣ፣ «ሠርጌን ያለ ሸክላ ያስቀረው» እያለች ታነሳብኛለች።

እሑድ ለታ ምሳ ልትበላ መጥታ ስለነበር ቀናኝ ብዬ ልጁን «አጫውተው» አልኩት። ያው የማውቀው ጉርምርምታ ነው።

«እትዬ፣ ይኸው! ማጫወቻው ደኅና ነበር። የዘፈኑ ጠባይ ነው።»

ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና ወደ ልጁ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ ስልክህን እሱ ነክቶት ነበር?»

«ሌላ ዘፈን ክፈትላት!» ብዬ ጮኽኩ።

«ተው!» አለች የልጁን እጅ ይዛ። «ይብስ ይበላሻል።»

የአባቴን ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ በእሷ አፍ ሰማሁት። ናፍቆኝ ነበር። ቢሆንም አበገነኝ።