አልንቀሳቀስ ያለው ባሕር

ልጆቹ «የዚያን የሠዓሊውን ነገር ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ እኔ ላውራ፣ የልጅ ልጄ ትጻፈው።

በሰው አገር፣ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር ስንኖር ነው። ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ወንዙን ተከትዬ ስዞር ነበር የምውለው። አንድ ቀን ከአሮጌ ፋብሪካ ውስጥ የከበሮ ሙዚቃ ሰማሁና ዘው አልኩ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ሠዓሊ፣ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆ፣ ብቻውን ይጨፍራል። አላፈረም። «ማማ!» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ወዲያ ቤተኛ ሆንኩ።

ሥዕሉ ሁሉ ባሕር ነው፤ ማዕበሉ ላይ ሰው ይጨፍራል። ትልቁ ሸራ ግን እምቢ አለው። ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እየሣለ ይፍቀዋል፤ ምግብም ተወ። ሥዕሉን ለሰው የሚያሳይበት፣ እነሱ አውስሽቴሉንግ የሚሉት ቀን ደርሷል።

የልጅ ልጄን ይዤ ስሄድ የሚለውን አስተረጎመችልኝ።

«እማማ፣ እስክስታ ይምቱልኝ፣ ትከሻዎን አይቼ ልሣል ይላል።»

«በሁዳዴ? ምን ነካው! ለፋሲካ ይምጣ።»

«ናይን፣ እማማ! አውስሽቴሉንጉ እኮ ከፋሲካ በፊት ነው።»

«እንግዲያው እግዜር ይርዳው» አልኩ። አልኩ እንጂ ፊቱን ሳየው ሆዴ አልቻለም። በጾም ከበሮ ባይመታም መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ይዘምማሉ፤ ልጅ ሆኜ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ስንቴ አይቻለሁ። ከዘራዬን አነሳሁ።

«ይኼ ጭፈራ አይደለም፣ ጸሎት ነው በዪው። እንዳይስቅ።»

ቀስ ብዬ ወደ ግራ ዘንበል፣ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ። አልሳቀም፤ የሳቀችው የኛዋ ናት። እሱ ሄዶ ሙዚቃውን አጠፋና አብሮኝ ተወዛወዘ። ከዚያ ሰፊውን ብሩሽ አንስቶ፣ እኔ ዘንበል ስል ዘንበል እያለ ቀለሙን ይጎትት ጀመር። ባሕሩ እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ አለ። እሱም ያን ቀን እንጀራ በሽሮ ጠግቦ በላ።

ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ «በጾም ጨፈሩ አሉ!» ብለው ለከፉኝ። መች ጨፈርኩ!

እኔ ሠዓሊው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሠርጉ ላይ ነው የነገረኝ፤ ያደገው እንደኛው ባሕር በሌለው አገር፣ በረሃ ዳር ነው። ባሕርን መጀመሪያ ያየው፣ ሊሻገረው ጀልባ ላይ የወጣ ዕለት ነው።