ዙልፋ መርዶዋን የሰማችበት ክፍል

ሃጀር አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ያደገች የወሎ ልጅ ናት። የምክር አገልግሎት ትምህርቷን ልትጨርስ ትንሽ ነው የቀራት። ከሌላ ባህል የመጣን ሰው እንዴት ማዳመጥ እንደሚገባ በሚማሩበት ክፍል፣ አስተማሪዋ ሁሌ ዘወር የምትለው ወደ እሷ ነበር። «በእኛ ባህል…» ብላ ስትጀምር ሁሉም ጸጥ ይልላታል። ልጅቷም ይሄን ሳታውቀው ለምዳው ነበር።

ለልምምድ የደረሰቻት ደንበኛ ዙልፋ በዲቪ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ኒው አልባኒ ባለ የዕቃ መጋዘን የምትሠራ ሴት ናት። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ለምክር ይዟት የመጣው ባሏ አብዱረዛቅ ሃጀርን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አገኛት።

«እህቴ፣ አባቷ አርፈዋል። አልነገርናትም። ቅዳሜ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ እናረዳታለን። አደራሽን።»

«እሺ ጋሼ፣ አያስቡ» አለችው።

የምክሩ ክፍል ውስጥ ከወዲህ የማያሳይ ትልቅ መስታወት አለ። አስተማሪዋ ከጀርባው ሆና ታያለች፤ ቋንቋውን ባትሰማም ፊታቸውን ትከታተላለች።

«ቤት ስገባ ወሬ ያቆማሉ» አለች ዙልፋ። «ስልኬንም ይደብቁብኛል። አንቺ ያገሬ ልጅ ነሽ፣ እንዳትዋሺኝ። አባቴ ደህና ነው?»

«ባለቤትሽን ጠይቂው» ማለት ይበቃ ነበር። ሃጀር ግን ለደንበኛ አይዋሽም ተብላ ተምራለች። ደግሞም መስታወቱ ነበር፤ ጠንካራ ናት እንዲባልላት ፈለገች።

«ዙልፋ፣ በጣም አዝናለሁ» አለች በተለማመደችው ለስላሳ ድምፅ። «አባትሽ አርፈዋል።»

ዙልፋ ከወንበሩ ወደ ወለሉ ወረደች። «አባዬ! ወይኔ አባዬ!» እያለች ደረቷን ስትደልቅ እጇን የሚይዝላት፣ ወገቧን የሚደግፋት አልነበረም። ደንበኛ አይነካም ተብሏልና ሃጀር የሶፍቱን ካርቶን ጠጋ አደረገችላት። ዙልፋ መጀመሪያ ካርቶኑን አየች። ቀጥላ እሷን አየቻት።

አብዱረዛቅ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን በርግዶ ገባ። ሚስቱን ከወለሉ አንስቶ አቀፋትና በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ሃጀርን እያየ፣ «ብቻዋን?» አለ። «ምነው እህቴ፣ ብቻዋን?»

አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ሲወጡ አስተማሪዋ መጣች። ሃጀር ስለ አባትየው ሞት ነገረቻት፤ ስለ አደራው ግን አልነገረቻትም። «ተረጋግተሽ ያዝሻት» አለቻት አስተማሪዋ። «ስሟን ሳትጠቅሺ ሰኞ ለክፍሉ አቅርቢው።» ሃጀርም አመሰገነች። ማታ ያንን ምስጋናዋን ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ ይግላል።

ሰኞ ቆማ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስረዳች። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል፤ ጎረቤት ደጅ ላይ ይጠብቃል፤ ሴቶቹ ሐዘንተኛዋን አጥብቀው ይይዛሉ።

«እንዴት ደስ ይላል» አለች ሜጋን የምትባል የክፍል ጓደኛዋ፣ ምንም ተንኮል ሳታስብ። «ታዲያ ለሴትዮዋ እነማን መጡላት?»

ሃጀር ጠረጴዛውን ያዘች።

«ማንም» አለች። «ለቅዳሜ ሊመጡ ነበር። ባሏ አደራ ብሎኝ ነበር። እኔ ቀደምኳቸው።»

ሃጀር ወደ ወንበሯ ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት።